መምህርና ወላጅ መጨረሻ የሚሰሙት ስርዓተ ትምህርት

(ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ መምህራን፣ ግማሾቻችሁ ወላጆች ናችሁ። ሁለቱንም የሆናችሁም አትጠፉም።

የዛሬው ርዕሴ ስርዓተ ትምህርት ነው። ስሙ ሲጠራ የባለሙያ ጉዳይ ይመስላል። ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው የሚያዘጋጁት፣ እኛ ደግሞ መጽሐፉ ሲመጣ የምንቀበለው ነገር አድርገን ነው የምናየው። ግን እስቲ አስቡት። ልጃችሁ ሂሳብን በየትኛው ቋንቋ ይማራል? ስለ ቅድመ አያቶቹ ምን ይነገረዋል? ስንተኛ ክፍል ሲደርስ ተፈትኖ ይለያል? እነዚህን የሚወስነው ስርዓተ ትምህርቱ ነው። ይህን የሚወስን ሰው ደግሞ ወደደም ጠላም ፖለቲካ ውስጥ ገብቷል።

«ትምህርትን ከፖለቲካ ነጻ እናውጣ» የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ከልባቸው ነው የሚሉት፣ አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን አይሆንም ባይ ነኝ። የትኛውም አገር ላይ ሆኖ አያውቅም። የእኛን አገር ታሪክ ሳገላብጥ ደግሞ ትልቁ ጉዳት የመጣው ፖለቲካው በመግባቱ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። ጉዳቱ የመጣው ውሳኔው በዝግ በር ተወስኖ፣ መምህሩና ወላጁ ካለቀ በኋላ እንዲሰሙ ስለተደረገ ነው። ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ የኮፕት ክርስቲያኖች ነበሩ። ለምን ግብፆች ሆኑ? ንጉሠ ነገሥቱ ዘመናዊ ትምህርት ፈልገዋል። ቤተ ክህነቱ ደግሞ ከአውሮፓ መምህር ጋር የአውሮፓ ሃይማኖት ተከትሎ ይገባል ብሎ ሰግቷል። የግብፅ ኦርቶዶክሶች ሁለቱንም ወገን አስማሙ። የትምህርቱም ዋናው ክፍል ቋንቋ ነበር፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ አረብኛ። መንግሥት በጊዜው የቸገረው ከውጭ ሰው ጋር የሚነጋገር፣ ውል የሚያነብ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበርና። እንግዲህ የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤታችን ገና በሩ ሲከፈት ማን ያስተምር፣ ምን ይማሩ የሚለው በፖለቲካና በሃይማኖት ድርድር የተወሰነ ነው። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። ድርድሩ ባይኖር ትምህርት ቤቱም አይከፈትም ነበር።

ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ደግሞ ሌላ መጣ። ልጆች በየአካባቢያቸው ቋንቋ እንዲማሩ ደነገገ። ትግርኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪ፣ ሶማሊኛ፣ ካፊኛ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያነብ ሰው መልካም ነገር ይመስላል። ዓላማው ግን አገሩን ከፋፍሎ መግዛት ነበር፤ መጽሐፉም ሙሶሊኒን የሚያወድስ ነው። ይህን በአጭሩ የማነሳው በምክንያት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ለሕፃን የሚጠቅም መሆኑን ከልብ የሚያምኑ መምህራን እስከ ዛሬ ከዚህ ጥላ ጋር ይታገላሉ። ጥሩ ሐሳብ በመጥፎ ሰው እጅ አንዴ ከገባ ስሙን ለማደስ ብዙ ዘመን ይፈጃል።

ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ነገሠ። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ግን እንግሊዝኛው ቀጠለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን በራሳቸው እጅ ይዘው ነበር። ሌላውን ሥልጣን ለሰው ሰጥተው ይህን ለራሳቸው ማስቀረታቸው ትምህርት የቱን ያህል የመንግሥት ጉዳይ እንደነበር ይናገራል።

አሁን ረዘም አድርጌ ላወራው ወደምፈልገው ነገር ደረስኩ፤ ወደ ሴክተር ሪቪው፣ ማለትም ወደ ትምህርት ዘርፉ ጥናት። በዕድሜ የገፋችሁት ስሙን ታስታውሱታላችሁ። ወጣቶቹ ምናልባት ሰምታችሁት አታውቁም። ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ጥናቱ የተጀመረው በ1964 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች አብረው የሠሩት ሰፊ ጥናት ነበር። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። ገንዘቡ ከተማ ላይ ነው የሚፈሰው። አጥኚዎቹ ያዩት ይህን ነው። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ደግሞ ለሁሉም ልጅ የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ነበር። አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ጥቂቱ ወደ ላይ ይቀጥላል። በቁጥር ካሰባችሁት ምክንያታዊ ነው። የገጠሩን ልጅ አስቦ የተሠራ ነው ብትሉም አትሳሳቱም።

ግን ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ለሕዝብ አልወጣም። ተቀመጠ። ይፋ የሆነው በ1966 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ባለሥልጣን ብቻ ነበር፤ የቀረው ሰው የያዘው ወሬ ነው። ወሬው ምን አለ? ለመምህሩ፣ «ደሞዝህ ሊቀንስ ነው» አለው። ለወላጁ፣ «ልጅህ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው» አለው። እዚህ ጋ ቆም ብለን የወላጁን ቦታ እንያዝ። አንድ የከተማ ድሃ ልጁን የሚያስተምረው ለምንድን ነው? ከእሱ የተሻለ ኑሮ እንዲኖር፣ ቢሮ እንዲገባ፣ ደሞዝተኛ እንዲሆን ነው። የሀብታሙ ልጅ በገንዘቡ ይቀጥላል፤ የእኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ጉልበት ሥራ ይመለሳል ብሎ ነው የተረዳው። ፈጽሞ ተሳስቷልም አልልም። አጥኚዎቹ ስለ ስርጭት አስበዋል። ወላጁ ያሰበው ስለ ልጁ ዕድል ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ቀሩ።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በነዳጅ ዋጋ የተማረሩ የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ሰሞን አቆሙ። ተማሪው ወጣ። መንግሥት ሴክተር ሪቪውን ይቆይ አለ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ከሥልጣን ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ወረዱ። አብዮቱን ያመጣው ሴክተር ሪቪው ብቻ ነው አልልም። የወሎ ረሃብ አለ፣ የወታደሩ ብሶት አለ፣ የመሬቱ ጥያቄ አለ። ቢሆንም መምህሩንና ወላጁን በአንድ ጊዜ አደባባይ ያወጣቸው የትምህርት ዕቅድ መሆኑን መርሳት የለብንም። ዕቅዱ ደግሞ ክፉ አልነበረም። ተደብቆ ነው የተበላሸው።

ደርግ መጣ። ደርግ ትምህርት የፖለቲካ መሣሪያ መሆኑን አልደበቀም፤ በይፋ ተናገረው። ትምህርት ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለሶሻሊስት ንቃተ ኅሊና ተባለ። ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረዱ። የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ። የፖለቲካ ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ተሰጠው። በሌላ በኩል በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንሳት አለብኝ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተብሎ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጻፈ። በዚያ ዘመቻ ስማቸውን መጻፍ የቻሉ እናቶች ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትኖራላችሁ። በአንድ መንግሥት እጅ ሁለቱም ነገር አለ። ለዘመቻው በ15 ቋንቋ ያስተማረው መንግሥት በመደበኛው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን አማርኛን ብቻ ይዞ ቀጠለ። ይህ ለብዙ ሕዝብ ቅሬታ ሆኖ የቆየ ነገር ነው፤ ቀጥሎ የመጣውም የተነሣው ከዚህ ቅሬታ ነው።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አደረገ። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ገባ። የአንደኛ ደረጃ መጽሐፍ ዝግጅት ለክልሎች ተሰጠ። እኔ ይህን ፖሊሲ በብዙ ነገር እተቸዋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕፃን የማይሰማውን ቋንቋ በጩኸት መድገም መማር አይደለም።

ነገሩ ወደ ሥራ ሲወርድ ግን ክልሎች ተለያዩ። ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሶማሌ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እስከ ስምንተኛ ሄዱ። አዲስ አበባ ከሰባተኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። በደቡብ ብዙ ቦታ ገና በአምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሆነ። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናውና በ1999 ዓ.ም. የቀረበው ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ፤ በሂሳብና በሳይንስ ጭምር። ታዲያ ለምን ክልሎች ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ለመዞር ፈለጉ? ወላጁ ስለጠየቀ ነው። ማትሪክ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥሩ ደሞዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ቃለ መጠይቁን በእንግሊዝኛ ያደርጋል። አቅም ያለው ልጁን ስሙ «ኢንግሊሽ» ወዳለበት የግል ትምህርት ቤት ይወስዳል። አቅም የሌለውም ይህንኑ ያያል። የሥራ ገበያው በአንድ ቋንቋ እየተናገረ ስርዓተ ትምህርቱ በሌላ ቋንቋ ቢናገር ወላጁ የሚሰማው ገበያውን ነው። ይህ ማኅበራዊ ግፊት ከየትኛውም ካቢኔ ይበልጣል።

አሁን ወደ ወላይታ ልውሰዳችሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሆነ ነው፤ በሰሜን ኦሞ ዞን። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ቋንቋቸው ተቀራራቢ ነው። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ለአራቱ ቢታተም ወጪ ይቀንሳል፤ መምህርም በቀላሉ ይገኛል ተባለ። «ወጋጎዳ» የሚባል የተቀላቀለ የመጽሐፍ ቋንቋ ተሠራ፤ ስሙም ከአራቱ ስሞች መጀመሪያ የተወሰደ ነው። መጽሐፉ ታተመና ወደ ክፍል ገባ።

የወላይታን ልጅ አስቡት። ከዚያ በፊት በወላይትኛ መማር ጀምሯል። በሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠው መጽሐፍ የእሱን ቋንቋ ይመስላል፤ ግን አይደለም። አንዱን ቃል ያውቀዋል፣ ቀጣዩ የጎረቤቱ ነው። እናቱ ብታነብለት ያርማታል፣ ወይም እሷ መጽሐፉን ታርማለች። መምህሩም በአፉ የሚናገረው አንድ፣ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ሌላ ሆነ። ሕዝቡ ይህን የወጪ ቅነሳ አድርጎ አላየውም። ስማችን ሊጠፋ ነው ብሎ ነው ያየው። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። መንግሥት መጽሐፉን አነሣ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ የቀድሞው ሰሜን ኦሞም ተበተነ። የመማሪያ መጽሐፍ የአስተዳደር ካርታ ቀየረ ማለት ነው።

የቋንቋ ባለሙያ ቢጠየቅ ቋንቋዎቹ መቀራረባቸው እውነት ነው ይላል። ትክክል ነው። ግን ማንም ሶዶ ወርዶ ወላጁን «ይህን ትቀበላለህ?» ብሎ ከልቡ አልጠየቀም። ሕይወት ጠፋ። እኔ ይህን ታሪክ ለአዳዲስ የስርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች ሁልጊዜ እነግራለሁ። ቋንቋ ክፍል ውስጥ መግባቢያ ነው፤ ከክፍል ውጭ ማንነት ነው። ሁለቱን ነጥሎ ማየት አይቻልም።

ስለ ሥነ ዜጋም ትንሽ ልበል። መምህራን አስራ አንዱን ርዕሶች በቃላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። በቀድሞው መጽሐፍ ዘጠነኛ ክፍል እነዚህ ነበሩ፤ አስረኛም እነዚህ ነበሩ፤ አስራ ሁለተኛም እነዚሁ ነበሩ። ርዕሶቹ አንድ በአንድ ሲታዩ የሚጠላ የለም። ተማሪው ግን ፍትሕ የሚለውን ምዕራፍ ተምሮ ሲወጣ ሰፈሩ ውስጥ የሚያየው ሌላ ነው። ቁጠባ የሚለውን ሲማር እናቱ ጉሊት ቁጭ ብላ የዕለት ሽያጯን ለዕለት ዳቦ ነው የምታውለው። ተማሪዎች ትክክለኛውን መልስ ለፈተና ይጽፋሉ፤ ከፈተና ውጭ አይጠቅሱትም። መምህሩም ያውቃል። አንድን ትምህርት ተማሪው «የመንግሥት ነው» ብሎ ካሰበው ውስጡ ያለው እውነት እንኳ አብሮ ይወድቃል። አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ለታችኛው ክፍል ግብረ ገብን፣ ለላይኛው የዜግነት ትምህርትን አስገብቷል። ግብረ ገብ በንጉሡ ዘመን የነበረ ስም ነው። ስሙ መመለሱ አያስከፋኝም። ልጁ ጥያቄ የሚጠይቅበት ክፍለ ጊዜ ይሆናል ወይ ነው የእኔ ጭንቀት።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ውሳኔ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ፕላዝማን ያስታውስ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገባ። ትምህርት ቤት በፍጥነት ይስፋፋል፣ ብቁ መምህር አይበቃም፤ ስለዚህ ትምህርቱ በሳተላይት ይምጣ ተባለ። ክፍሉ ውስጥ ስክሪን ተሰቀለ። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለው፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለው። መሀል ላይ ጥግ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ ያልፋል። ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ጽፈው ሲቀሩ አያቸው ነበር። ቀና ሲሉ ሌላ ገጽ መጥቷል። «ቲቸር፣ አቁሙልን» ይሉኛል። የሚቆም ነገር አይደለም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ትምህርት አለፈ፤ ነገ የሚመጣው ቀጣዩ ነው። በየትምህርት ቤቱ ጥቂት መምህራን ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ስብሰባ ይነግሯቸው ነበር።

ስለ ውጭ ገንዘብም ዝም ብዬ አላልፍም። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ድጋፍ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያህል አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻለ ታየ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የልማት ድርጅት በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ሥራው ያስፈልግ ነበር። ግን የቤተሰባችን ጉዳይ በለጋሽ በጀት ሲሠራ በለጋሹም አገር ፖለቲካ ሥር ነው የሚወድቀው። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ ዩኤስኤአይዲን ዘጋች። ዋሽንግተን የተወሰነ ውሳኔ የእኛ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ይደርሳል።

ፈተናን ካላነሳሁ ግማሹን ተውኩት ማለት ነው። እውነቱን እንናገር፤ መምህሩ የሚያስተምረው ፈተና ላይ የሚመጣውን ነው። ስለዚህ ፈተናው ራሱ ስርዓተ ትምህርት ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣ። ያወጡት አክቲቪስቶች ያሉት የኦሮሚያ ተማሪዎች በክልሉ በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ለወራት ሳይማሩ ቆይተዋል፣ ፈተናው ይራዘም የሚል ነው። ፈተናው ተሰረዘ። በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። ሳይማሩ የቆዩት ልጆች ጥያቄ ግን ከፈተናው ሌብነት ወሬ በታች ተቀበረ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ቁጥሩ ሁላችንንም አስደንግጧል። አንዳንዱ ተማሪውን ወቀሰ፣ አንዳንዱ መምህሩን። እነዚያ ልጆች በኮሮና ቤት የዋሉ፣ ብዙዎቹም ጦርነትና መፈናቀል ያዩ ናቸው። ፈተናውን ከስርቆት ማጽዳት ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ግን ክፍል ውስጥ ምን ሲሰጥ ነበር የሚለው ነው።

አሁን ያለንበት ላይ እንምጣ። ከ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ቀረበ፣ ውይይት ተደረገ። መዋቅሩ ስድስት ሁለት አራት ሆነ፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ። አዲሱ ስርዓተ ትምህርት በ2014 ዓ.ም. ተሞከረ፣ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከቀድሞዎቹ ይህኛው የተሻለ ውይይት ተደርጎበታል፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ግን ውይይቱ የሰፋው በአዳራሽ ደረጃ ነው። መጽሐፉ ሲመጣ ብዙ ትምህርት ቤት ያገኘው ፒዲኤፍ ነበር፤ በቴሌግራም የተላከ። ስልክ የሌለው ወላጅ ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ በምን ያያል? መምህሩም ቢሆን ሙከራው ላይ የሰጠው አስተያየት የት እንደደረሰ ተመልሶ የነገረው የለም።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መሰቀልና መዝሙሩ መዘመር ያስነሣውን ውዝግብ ታስታውሳላችሁ። ተማሪዎች ተቃወሙ፣ ትምህርት የተቋረጠባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እዚህ ውስጥ በሁለቱም ወገን የምታስቡ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኦሮምኛን መማር ለአዲስ አበባ ልጅ ትልቅ ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቼንም እንዲማሩ አበረታታለሁ። ግን የጠዋት ሰልፍም ትምህርት ነው። ልጆች ሰልፍ ላይ የሚያዩት ከመጽሐፉ በላይ ይገባቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከወላጅ ጋር ሳይመከርበት ሲመጣ ጸቡን የሚሸከሙት አስራ አራትና አስራ አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

የታሪክ ትምህርትም እንደዚሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል ሲዘጋጅ የነበረው ክርክር ትዝ ይላችኋል። የማን ታሪክ ገባ፣ የማን ቀረ፣ ማን ጀግና ተባለ፣ ማን ወራሪ። እኔ ክርክሩ መነሣቱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ክርክሩን ለማብረድ ሲባል የሚያከራክረው ገጽ በሙሉ ከመጽሐፍ ሲወጣ ነው። ልጁ ያንን ገጽ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ያገኘዋል፤ እዚያ ደግሞ የሚያርመው መምህር የለም። ለአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁለት የሚቃረኑ ምንጮችን ጎን ለጎን ሰጥቶ «የትኛው ምን ማስረጃ አለው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መምህሩ ይህን እንዲያደርግ ግን ከለላ ያስፈልገዋል። አንድ ወላጅ ወይም አንድ ካድሬ ስለተቆጣ ከሥራው የማይነሣ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። የመጽሐፍ ረቂቅ ከመታተሙ በፊት ቢያንስ አንድ ሴሚስተር በይፋ ይውጣ፤ በየቋንቋው፣ በሬዲዮ እየተነበበ ጭምር። የመጣው አስተያየትና የተወሰነው ውሳኔ ተጽፎ ይታወቅ፤ አስተያየቱ ካልተወሰደም ምክንያቱ ይነገር። መጽሐፉን በሚያጸድቀው አካል ውስጥ መምህራን ራሳቸው የመረጧቸው መምህራን ይቀመጡ። የሚቀመጡበትም ዘመን ከሚኒስትሩ ሹመት ጋር አብሮ የሚያልቅ አይሁን።

«ሁሉም ሰው ከተጠየቀማ መቼ ያልቃል?» የሚል ባለሥልጣን አጋጥሞኛል። ሴክተር ሪቪው ማንም ሳይጠየቅ አለቀ፤ አንድም ቀን ሥራ ላይ ሳይውል ተቀበረ። ወጋጎዳ ማንም ሳይጠየቅ ታተመ፤ መጽሐፉ ተጣለ፣ ሰውም ሞተበት። በር ዘግቶ መሥራት ጊዜ ቆጥቦልን አያውቅም።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱን መጽሐፍ ይዞ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አስራ ሁለተኛን የሚጨርሰው ሳይደግም ከሄደ በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ሁለት አገራዊ ምርጫዎች ጊዜያቸው ይደርሳል። ሚኒስትር ይቀየራል፣ የቢሮ ኃላፊ ይቀየራል። አዲስ የመጣው ሁሉ እንደ ልማዳችን ከዜሮ ልጀምር ካለ ይህ ልጅ በአንድ የትምህርት ዕድሜው ሦስት ስርዓት ያያል። መጽሐፉ ስህተት የለበትም እያልኩ አይደለም፤ ስህተቱ በገጽ በገጽ ይታረም ነው የምለው። ለዚህ ደግሞ ስህተቱን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ገጽ ቅጽ አስቀምጫለሁ። ክፍል፣ የትምህርት ዓይነት፣ ገጽ፣ ያያችሁት ችግር፣ ክፍል ውስጥ የተፈጠረው ነገር፤ ይኸው ነው። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። መምህራን በየዲፓርትመንታችሁ፣ ወላጆች በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ሙሉት። የተሞላውን ሰብስበን ለክፍለ ከተማውና ለቢሮው በደብዳቤ እናስገባለን፤ የገባበትን ቀንና የተሰጠንን መልስም እዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን እናነበዋለን። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።